የመኪናዎን ድብቅ ኦፕሽን በራስዎ ለማብራት የትኛው መንገድ ይሻላል?

መኪናዎ መንቀሳቀስ ሲጀምር በሮቹን በራሱ የማይቆልፈው፣ ዝናብ ሲመጣ በሪሞት መስኮቱን የማይዘጋው ወይም ሲቆለፍ ስፖኪዮውን የማያጥፈው ሁልጊዜ አቅሙ ስለሌለው አይደለም። ፋብሪካዎች ለየአገሩና ለየሞዴሉ የተለየ ኮምፒውተር መሥራት ስለሚከብዳቸው ተመሳሳዩን ገጥመው፣ ለዚህ ገበያ ይህ ይብራ፣ ለዚያኛው ይጥፋ፣ ፉል ኦፕሽን ባልሆነው ላይ ይደበቅ ብለው በቁጥር ያዝዙታል። አንዳንዴም ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነው። ቢኤምደብሊው በ2022 በእንግሊዝ የመቀመጫ ማሞቂያን በወር 15 ፓውንድ ማከራየት ጀምሮ ነበር። ማሞቂያው መቀመጫው ውስጥ ተገጥሞ የተሸጠ ነው፤ የሚከፈለው እንዲበራ ነበር። ከደንበኞች ከፍተኛ ቁጣ ስለገጠመው በ2023 ተወው።

እንዲህ ያለውን ቁጥር በራስ እጅ አንብቦ መቀየር ዛሬ ለማንኛውም ትዕግሥት ላለው ባለመኪና ይቻላል። ግራ የሚያጋባው የመሣሪያ ምርጫው ነው። በ15 ዶላር የሚሸጠው የብሉቱዝ ዕቃም፣ 200 ዶላር የሚጠይቀው ኬብልም፣ በየዓመቱ ክፍያ የሚፈልገው የስልክ መተግበሪያም «ድብቁን እከፍታለሁ» ይላሉ። ለፎርድ ተወዳዳሪ የሌለው ፕሮግራም ለቶዮታ ምንም አይጠቅምም፤ ለቮልስዋገን የተሠራው ኬብል ለማዝዳ ተራ ሽቦ ነው። ስለዚህ ከስም በፊት መመዘኛ እናስቀምጥ።

ሥራውን ከስሙ መለየት

በጋራዥ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች «ሶፍትዌር ማስገባት» እየተባሉ ይጠራሉ። የመጀመሪያው ኮዲንግ ነው፤ መኪናው ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ሳይነኩ ቅንብሩን ብቻ መቀየር። ሁለተኛው ፍላሽ ማድረግ ነው፤ ነባሩን ሶፍትዌር አጥፍቶ ሌላ መጻፍ። በመሃል ባትሪው ቢደክም ወይም ኬብሉ ቢነቀል ያ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከዚህ በኋላ ሞጁል የምለው፣ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ሦስተኛው የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር የሚደረገው ቱኒንግ ነው። ይህ መመሪያ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ቤት ውስጥ እንዲሞክሩ አልመክርም።

ኮዲንግ የሌለ ዕቃም አይፈጥርም። ስፖኪዮው የማጠፊያ ሞተር ከሌለው በቁጥር ቢያዙት አይታጠፍም፤ የዝናብ ሴንሰር ያልተገጠመለት መስታወት ዝናብ አያይም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚፈልጉት ነገር አካሉ መኪናው ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። ብዙ ኪሳራ የሚመጣው ይህችን ማጣራት ከመዝለል ነው።

በምን እንመዝን?

ከሁሉም በላይ የማስቀድመው መመለሻውን ነው። መሣሪያው ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ቁጥር ያስቀምጥልዎታል? ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ በአንድ ንክኪ ወደ ነበረበት ይመልሳል ወይስ እርስዎ በወረቀት መዝግበው ማቆየት አለብዎት? አንድ መተግበሪያ መቶ ኦፕሽን ቢያሳይም መመለሻው ግልጽ ካልሆነ፣ ሃያ ብቻ አሳይቶ ነባሩን በጥንቃቄ የሚያስቀምጠውን እመርጣለሁ። ኮዲንግ ላይ ስህተት መሥራት የተለመደ ነው፤ ስህተቱን ወደ ጉዳት የሚቀይረው የቀድሞው ቁጥር መጥፋቱ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው የእርስዎን መኪና በትክክል ማወቁ ነው። «ቶዮታ እደግፋለሁ» የሚለው ቃል አይበቃም፤ ሞዴሉን፣ ዓመቱን እና የተሠራበትን ገበያ ይጠይቁ። በሁለተኛ እጅ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተገዛ መኪና ከሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ያጣሩ።

ሦስተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። የዕቃው ዋጋ፣ የመተግበሪያው ክፍያ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያም ይደመር። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንባቢ እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ብቻ ከሆነና መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ከሆነ፣ ርካሽ የሚመስለው ምርጫ ጨርሶ የማይሆን ሊሆን ይችላል።

የቀረው ከእርስዎ የሚጠበቀው ነው፦ ላፕቶፕ፣ ጊዜ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ። የቮልስዋገን ዝርዝሮች ላይ የጀርመንኛ አጽሕሮቶችም ያጋጥማሉ።

አንደኛው መንገድ፦ ምንም ሳይገዙ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የቶዮታን የባለቤት መመሪያ መጽሐፍ ከኋላ ገልብጡት፤ ሊቀየሩ የሚችሉ ነገሮች የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ አለ። የትኛውን እርስዎ ከዳሽቦርዱ ስክሪን እንደሚቀይሩት፣ የትኛውን ደግሞ የቶዮታ ወኪል ብቻ በመሣሪያ እንደሚቀይረው ለይቶ ይነግራል። ለምሳሌ በሩን በሪሞት ከፍተው ሳይገቡ ከቀሩ መኪናው ራሱን መልሶ የሚቆልፍበት ጊዜ በብዙ ሞዴሎች 60 ሴኮንድ ሆኖ ይመጣል፤ 30 ወይም 120 ማድረግ ይቻላል። በሩ ሲዘጋ የውስጥ መብራቱ የሚቆይበት 15 ሴኮንድም እንዲሁ ይለወጣል።

ይህ ሠንጠረዥ ለቶዮታ ባለቤት ከየትኛውም መተግበሪያ ማስታወቂያ የበለጠ የሚታመን ነው፤ በመኪናዎ ውስጥ ምን እንዳለ ፋብሪካው ራሱ ጽፎታልና። የሚፈልጉት ሁሉ «በስክሪን ይቀየራል» ከሚለው ዓምድ ሥር ከተገኘ እዚህ ያቁሙ። ጥቂቱ ብቻ «በወኪል» ከሚለው ሥር ከሆነ፣ ለሚቀጥለው የሰርቪስ ቀጠሮ ገጹን ምልክት አድርገው ይዘው ይሂዱ። ሥራው የደቂቃዎች ስለሆነ አንዳንድ ወኪሎች ከዘይት ቅየራ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠሩታል፣ አንዳንዶች ያስከፍላሉ፤ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ስልክ እና ትንሽ አስማሚ

ከመሪው በታች፣ ከእግር ማሳረፊያው በላይ ባለው ቦታ 16 ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 ወዲህ። መሰኪያው የመጣው ለጭስ ቁጥጥር ነበር፤ ዛሬ ግን ወደ ሞጁሎቹ ሁሉ መግቢያ በር ሆኗል። የብሉቱዝ አስማሚ ይሰካበታል፣ ስልክዎ ይገናኛል፣ መተግበሪያው የሚቀየሩትን ነገሮች በቃላት ይዘረዝርልዎታል።

አስማሚ ሲገዙ አንድ ነገር ይወቁ። በገበያ ከሞሉት ርካሽ ዕቃዎች አብዛኞቹ «ኢኤልኤም 327» የሚል ጽሑፍ አላቸው። የዚህ ቺፕ ባለቤት የነበረው የካናዳው ኢኤልኤም ኤሌክትሮኒክስ በ2022 ሥራውን አቁሟል። ዕቃው ላይ «ስሪት 1.5» ተብሎ የተጻፈውን ደግሞ ኩባንያው አውጥቶት አያውቅም። የተቀዱት ቺፖች የቼክ ኢንጂን ኮድ ለማንበብ ሊበቁ ይችላሉ። ረዘም ያለ መልእክት ሲላክላቸው ግን ይቆራርጣሉ፣ በኮዲንግ መሃል መቆራረጥ ደግሞ የማይፈለግ ነገር ነው። ለማንበብ ርካሹ ይሁን፤ ለመጻፍ ግን የመተግበሪያው አምራች በስም የሚመክረውን አስማሚ ብቻ ይግዙ።

ሦስቱን የታወቁ መተግበሪያዎች እንይ። ካሪስታ ለቶዮታና ሌክሰስ ባለቤቶች የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ይነሣል፤ ቮልስዋገን፣ ኦዲ እና ቢኤምደብሊውንም ይነካል። ስፋቱ ጥሩ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ውሱን ነው። ማርሽ ወደ «ዲ» ሲገባ በር መቆለፍ፣ የኋላ ማርሽ ድምፅን መቀነስ፣ መብራት የሚቆይበትን ጊዜ መቀየር ለመሳሰሉት በቂ ነው። ቅንብሮቹ በግልጽ እንግሊዝኛ ስለተጻፉ ለጀማሪ አያስፈራም። ሁሉንም ለመቀየር የጊዜ ክፍያ ስለሚጠይቅ አንድ ቀን ተቀምጠው የሚፈልጉትን ሁሉ ይጨርሱና አያድሱ። ከመንካትዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ስክሪንሾት ያንሱ።

ኦቢዲ ኢሌቨን የሊትዌኒያ ሥራ ነው፣ መሠረቱም የቮልስዋገን ቤተሰብ ነው፦ ቮልስዋገን፣ ኦዲ፣ ስኮዳ፣ ሲያት። ሁለት ዓይነት ተጠቃሚን ያስተናግዳል። ጀማሪው የተዘጋጀውን አንድ-ንክኪ ለውጥ በክሬዲት፣ ማለትም አስቀድሞ በሚገዛ ነጥብ፣ ይገዛል፤ ልምድ ያለው ደግሞ ዓመታዊውን ከፍሎ እስከ ባይትና ቢት፣ ማለትም ቁጥሩ እስከተሠራባቸው ጥቃቅን ክፍሎች፣ ይወርዳል። የነካኩትን በታሪክ መዝገብ ስለሚያስቀምጥ በመመለሻ መመዘኛዬ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ጉድለቱ ያለ ኢንተርኔት አለመሥራቱ ነው፤ ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2020 ወዲህ እንደ ጎልፍ 8 እና እንደ አይዲ ሞዴሎች ያሉት የቮልስዋገን መኪኖች «ኤስኤፍዲ» የሚባል የመቆለፊያ ጥበቃ ይዘው መጥተዋል። ከአገልጋይ ኮምፒውተር ፈቃድ ካልመጣ ብዙው ሞጁል አይጻፍበትም። ኦቢዲ ኢሌቨን ይህን መክፈቻ ስለሚያቀርብ ለአዲሶቹ ቮልስዋገኖች ከሌሎቹ ይቀድማል።

ቢመርኮድ ለቢኤምደብሊው እና ለሚኒ ነው፤ ከ2019 ወዲህ የመጣችው ቶዮታ ሱፕራም ውስጧ ቢኤምደብሊው ስለሆነ ትገባበታለች። በስልክ ከሚሠሩት መካከል እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ይህን ነው። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው። አንድን ሞጁል ኮድ ከማድረጉ በፊት ነባሩን ራሱ ያስቀምጣል፤ መመለስም በጥቂት ንክኪ ነው። የተዘጋጁት ቅንብሮች ለአብዛኛው ሰው ስለሚበቁ «ኤክስፐርት ሞድ» የሚለውን ክፍል ሳይከፍቱት ቢቀሩ ምንም አይጎድልብዎትም።

ሥራው ሲያልቅ አስማሚውን ይንቀሉ። የመሰኪያው 16ኛ ቀዳዳ ቁልፉ ከወጣም በኋላ ከባትሪው ኃይል ይሰጣል፤ ስለዚህ ተሰክቶ የቀረ ዕቃ ለሳምንታት በቆመ መኪና ላይ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። በሌላ በኩል ርካሾቹ የብሉቱዝ አስማሚዎች የይለፍ ቁጥራቸው 1234 የሆነ ስለሆነ አጠገብዎ የቆመ ሰው ሊገናኝባቸው ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ላፕቶፕ እና ኬብል

ጥልቀት የሚፈልግ ሰው የሚደርሰው እዚህ ነው። ቪሲዲኤስ የአሜሪካው ሮስ-ቴክ ከፔንሲልቬኒያ የሚያወጣው የቮልስዋገን ቤተሰብ ፕሮግራም ነው። ዋጋው ወደ 200 ዶላር ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ደረጃ ለሦስት የሻንሲ ቁጥሮች የተወሰነ ነው። ብዙ ሰው ገደቡን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ጎልፍ ወይም ፓሳት ያላቸው ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥተው ቢገዙት ከዓመታዊ መተግበሪያ ሁሉ ይረክሳል እላለሁ። ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ኮዲንጉ ለብዙው ነባር ሞዴል ኢንተርኔት አይፈልግም።

የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ ቢት ምን እንደሚሠራ በቃላት ማሳየቱ ነው። ለምሳሌ ጎልፍ 7 ላይ የዳሽቦርዱ ሞጁል ቁጥሩ 17 ነው። ኮዲንጉን ከፍተው ባይት 1 ውስጥ ቢት 0 ላይ ምልክት ካደረጉ፣ ቁልፍ ሲያዞሩ የፍጥነትና የሞተር ዙር ቀስቶቹ እስከ ጫፍ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ቢት 3 ደግሞ አንድ የመንገድ ዙር የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ሰዓት ያወጣል። መብራትና መስኮት የሚታዘዙበት ሞጁል 09 ላይ ከመጻፍ በፊት ባለ አምስት አኃዝ መግቢያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ጥቆማ ይሰጣል። ሙሉውን ቅኝት አስቀድመው ካስኬዱና እንደ ጽሑፍ ካስቀመጡት የሁሉም ሞጁሎች ነባር ኮዲንግ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ የተሻለ መጠባበቂያ አላውቅም። ዓይነቱን መስለው የተሠሩ ርካሽ ኬብሎች ግን ማሻሻያ አይቀበሉም፣ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ፣ የፈቃድ መቆለፊያው በተሰበረ ፕሮግራም የሚሠሩ ናቸው፤ መኪናዬ ላይ አልሰካቸውም።

ፎርስካን ለፎርድ፣ ሊንከን፣ ሜርኩሪና ማዝዳ ነው፤ በዋጋ የሚወዳደረው የለም። የዊንዶውስ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሰፊው ፈቃድ ለሁለት ወር መሞከሪያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ወጪው በዋናነት አስማሚው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ፎርዶች ሁለት የመረጃ መስመሮች አሏቸው፣ ፈጣንና መካከለኛ። ተራ አስማሚ የሚያየው ፈጣኑን ብቻ ስለሆነ ሬዲዮና በርን የመሳሰሉት ሞጁሎች ጨርሶ አይታዩትም። ሁለቱን በራሱ የሚቀያይር የዩኤስቢ አስማሚ፣ ለምሳሌ 60 ዶላር ገደማ የሚሸጠው ኦቢዲሊንክ ኢኤክስ፣ ይህን ችግር ያስቀራል።

ዕቃ የሚያደርሱ ወገኖቻችን በፎርድ ላይ በጣም የሚያማርሩባት አንዲት ነገር አለች፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ቁልፉን በኪስ ይዘው ሲወርዱ መኪናው ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። በሌሊት በሰው ደጃፍ ሃምሳ ጊዜ ሲደጋገም ያሳፍራል። ፎርስካን በብዙ ሞዴሎች ላይ ይህን ያጠፋዋል። በሪሞት ሁሉንም መስኮት መክፈት እና ረጅም መብራት ሲበራ የጭጋግ መብራቱ እንዳይጠፋ ማድረግም ከተለመዱት መካከል ናቸው። መመለሻው ደግሞ ድርብ ነው። ፕሮግራሙ ነባሩን በፋይል ያስቀምጣል፤ ፋይሉ ቢጠፋብዎት እንኳ ፎርድ ከፋብሪካ የወጣበትን ቅንብር በሻንሲ ቁጥር በሞተርክራፍት የሰርቪስ ድረ ገጽ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። ሌሎች አምራቾችም ይህን ቢያደርጉ ምንኛ መልካም ነበር!

ቴክስትሪም የቶዮታ የራሱ መሣሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው ከቶዮታ የቴክኒክ መረጃ ድረ ገጽ ለአጭር ጊዜ ተመዝግቦ በሕጋዊ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል። በየሱቁ በ25 ዶላር ከኬብል ጋር በሲዲ የሚሰጠው ቅጂ ግን የፈቃድ መቆለፊያው የተሰበረ ነው፣ በአሮጌ ዊንዶውስ ካልሆነ በቀላሉ አይነሣም፣ ቫይረስም ሊኖረው ይችላል። ባንክዎን በሚከፍቱበት ላፕቶፕ ላይ አይጫኑት። የቶዮታ ሰው ሠንጠረዡን አንብቦ ከካሪስታና ከወኪል መካከል ቢመርጥ ይበቃዋል።

አራተኛው መንገድ፦ ለባለሙያ መስጠት

ኮዲንግ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ጋ መሄድ ነውር የለውም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ነባሩን ኮዲንግ አስቀምጠህ ትሰጠኛለህ?» እና «የነካኸውን በዝርዝር ትጽፍልኛለህ?» ሁለቱንም እሺ ካላለ ሌላ ይፈልጉ። ከ2018 ወዲህ የተሠሩ ጂፕ፣ ዶጅና ራም መኪኖች የጥበቃ ሞጁል ስላላቸው ያለ ፈቃድ መጻፍ አይቻልም፤ ለእነሱ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ለማን መኪና | የወጪ ዓይነት | ጥልቀት | መመለሻ | የሚፈልገው |
|---|---|---|---|---|---|
| የመኪናው ስክሪንና መጽሐፍ | ለሁሉም፣ በተለይ ቶዮታ | የለም | ትንሽ | ቀላል | ማንበብ |
| ካሪስታ | ቶዮታ፣ ሌክሰስ፣ ቮልስዋገን፣ ቢኤምደብሊው | አስማሚ እና የጊዜ ክፍያ | መካከለኛ | በስክሪንሾት ያስቀምጡ | ስልክ |
| ኦቢዲ ኢሌቨን | የቮልስዋገን ቤተሰብ፣ አዲሶቹም | ዕቃ እና ክሬዲት ወይም ዓመታዊ | ጥልቅ | የታሪክ መዝገብ | ስልክ፣ ኢንተርኔት |
| ቢመርኮድ | ቢኤምደብሊው፣ ሚኒ | አስማሚ እና የአንድ ጊዜ ክፍያ | ጥልቅ | በራሱ ያስቀምጣል | ስልክ |
| ቪሲዲኤስ | የቮልስዋገን ቤተሰብ | ከ200 ዶላር ገደማ፣ አንድ ጊዜ | በጣም ጥልቅ | የቅኝት ፋይል | ላፕቶፕ፣ ጊዜ |
| ፎርስካን | ፎርድ፣ ሊንከን፣ ማዝዳ | 60 ዶላር ገደማ አስማሚ፣ ፈቃዱ በመሞከሪያ ነፃ | በጣም ጥልቅ | ፋይል እና የፎርድ ድረ ገጽ | ላፕቶፕ፣ ጥንቃቄ |
| ባለሙያ | ለሁሉም | በየሥራው | እንደ ባለሙያው | ጠይቀው ይቀበሉ | መተማመን |

ለማን የትኛው?

ካምሪ ወይም ኮሮላ ይዘው ዋሽንግተን አካባቢ ሰው የሚያመላልሱ ከሆነ፣ ከመጽሐፉ ይጀምሩ፣ ቀሪውን በሰርቪስ ቀን ያስጨርሱ። መኪናዎ እንጀራዎ ነው፤ ለትንሽ ምቾት ብሎ አንድ የሥራ ቀን ማጣት አያዋጣም።

ከ2020 በፊት የተሠራ ቮልስዋገን ወይም ኦዲ ካለዎት፣ ብልሽትም ራስዎ የሚያዩ ከሆነ ቪሲዲኤስ። ሁለት ሦስት ነገር ብቻ አብርተው የሚተዉት ከሆነ ኦቢዲ ኢሌቨን በክሬዲት። ለቢኤምደብሊው ቢመርኮድ፤ ለፎርድ ፎርስካን። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ምክሬ ይለያል። የአንድ ጊዜ ክፍያ ያለውን እና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ያስቀድሙ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ይዞ ሊመጣ የሚችለው ኬብል በየወሩ ከሚታደስ መተግበሪያ ይሻላል። በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ በተለይ ከቻይና የመጡ፣ በአዲስ አበባ መንገድ በዝተዋል። የእነዚህ ባለቤቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስክሪኑን ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለመቀየር ነው። እዚህ ላይ ተስፋ ሰጥቼ ገንዘብዎን ላስወጣዎት አልፈልግም። ቋንቋው በስክሪኑ ሶፍትዌር ውስጥ ከሌለ በኮዲንግ አይበራም፤ የሚያስፈልገው ፍላሽ ነው፣ ይህም ከላይ እንዳልኩት ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 6 የሚሠራውና የሚሸጠው ለቻይና ገበያ ስለሆነ አውሮፓ ላይ ለተሠራው አይዲ 4 የሚሠራ መተግበሪያ ለእሱ ይሠራል ብለው አይግዙ። የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ልከው መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ።

የማይነኩት

የኤርባግ፣ የፍሬንና የቁልፍ ጥበቃ ሞጁሎችን ለምቾት ብለው አይክፈቱ። የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ድምፅን ማጥፋት በየመተግበሪያው ከሚፈለጉት አንዱ ነው፤ ምክንያቱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ቦርሳ ከሆነ ቦርሳውን ከኋላ ያስቀምጡ እንጂ ድምፁን አያጥፉት። እየነዱ ቪዲዮ እንዲታይ ማድረግም ሰው የሚገድል ነገር ነው። የጭስ መቆጣጠሪያን ማጥፋት በአሜሪካ የአየር ጥበቃ ሕግ ክልክል ነው። የቀን መብራት በካናዳ ግዴታ ነው፣ በአውሮፓም ከ2011 ወዲህ ለወጡ አዲስ ሞዴሎች እንዲሁ፤ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ያልተፈቀደ የመብራት ለውጥ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ሊያሰርዝ ይችላል።

ከዚህ ውጭ ባለው ሕጉ ለባለመኪናው አይከፋም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በቅጂ መብት ቢሮው ምክር በ2015 ባለመኪናዎች ለጥገናና ለሕጋዊ ለውጥ የራሳቸውን መኪና ሶፍትዌር እንዲከፍቱ ፈቅዶ ፈቃዱን በየሦስት ዓመቱ ሲያድስ ቆይቷል። በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግም ሻጩ ኮዲንግ ስላደረጉ ብቻ ዋስትናዎን በሙሉ እንዳይሰርዝ ይረዳዎታል፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ለውጥ መሆኑን ማሳየት አለበት።

የትኛውንም ቢመርጡ

ባትሪው ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ቢቻል ቻርጀር ይሰኩ፤ መብራት፣ ማራገቢያና ሬዲዮ ይጥፉ። ከምንም ነገር በፊት የብልሽት ኮዶችን አንብበው ያስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መብራት ከእርስዎ ሥራ ወይም ከቀድሞ ብልሽት መሆኑን የሚለዩት በዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ መኪናውን አጥፍተው ያስነሡ፣ ይሞክሩ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። ሌላ ሰው የለጠፈውን ሙሉ የቁጥር ሰንሰለት በጭራሽ አይገልብጡ፤ የእሱ መኪና ያለው ሴንሰር የእርስዎ ላይ ላይኖር ይችላል። የሚቀየረውን አንድ ቢት ብቻ ይፈልጉ።

የነካኩትን በቀን፣ በሞጁል፣ በነበረው ቁጥርና በአዲሱ ቁጥር መዝግበው ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ያስቀምጡ። ወኪሉ ሶፍትዌር ሲያድስ ቅንብሮችዎ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ዝርዝሩ ካለ መልሰው ለማስገባት አይቸገሩም። መኪናውን ሲሸጡም ወይ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመልሱ፣ ወይ ዝርዝሩን ለገዢው ይስጡ፤ ቀጣዩ መካኒክ ያለ ምክንያት ሽቦ እንዳይፈታ ያድነዋል።